የፓስፊክ አገሮች እንዴት አብረው ይነግዳሉ? ስለ ኤፔክና ስለ አካባቢው ስምምነቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ መጨረሻ አካባቢ የአሜሪካ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የሌሎችም አገሮች መሪዎች ተደርድረው ፎቶ ሲነሡ እናያለን። ዜናው ማን ማንን እንደጨበጠ ይነግረናል። ከፎቶው ጀርባ ያለው ሥራ ግን ስለ ጉምሩክ ፎርም፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ዕቃ ጥራትና መለኪያ ነው። እኔን የሚስበኝ ይኼኛው ነው። አንድ ኮንቴይነር ዕቃ ያስገባ ወይም ያስወጣ ሰው ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኤፔክ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ የእስያና ፓስፊክ የኢኮኖሚ ትብብር ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ዙሪያ የሚገኙ 21 አባላት አሉት። ሐሳቡን በጥር 1989 ሴኡል ላይ ያቀረቡት የያኔው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር የ12 አገሮች ሚኒስትሮች ካንቤራ ተሰበሰቡና ተጀመረ። ጽሕፈት ቤቱ ሲንጋፖር ነው።

መሪዎቹ ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በ1993 ነው። ጋባዡ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ነበሩ። ቦታው ደግሞ በሲያትል አቅራቢያ ያለችው ብሌክ ደሴት። ሲያትል ያላችሁ ወገኖች ከዌስት ሲያትል ዳርቻ ቆማችሁ ማዶ ስትመለከቱ የምታይዋት በደን የተሸፈነች ደሴት ናት። የዛሬው ዓመታዊ ስብሰባ መነሻው እዚያ ነው።

አባላቱ ተደምረው ከዓለም ኢኮኖሚ 60 በመቶ ገደማ፣ ከዓለም ንግድ ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይይዛሉ።

አባላቱ እነማን ናቸው? ለምን “አገሮች” አይባሉም?

ከእስያ በኩል ቻይና፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋን፣ ሩሲያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖር፣ ታይላንድ፣ ፊሊፒንስ፣ ቬትናምና ብሩናይ አሉ። ከደቡብ በኩል፦ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ፓፑዋ ኒው ጊኒ። ከአሜሪካ አህጉር አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮ፣ ፔሩና ቺሊ።

በሰነዶቹ ላይ “አገር” የሚለውን ቃል አታገኙም። “አባል ኢኮኖሚ” ነው የሚሉት። ምክንያቱ የ1991 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቻይና፣ ሆንግ ኮንግና ታይዋን አንድ ላይ ገቡ። ታይዋን “ቻይኒዝ ታይፔ” በሚል ስም ነው የተመዘገበችው። ማንም ስለ ሉዓላዊነት ሳይከራከር ስለ ቀረጥ እንዲነጋገር ቃሉን ቀየሩት። የታይዋን ፕሬዚዳንት በመሪዎቹ ስብሰባ ላይ አይገኙም፤ ልዩ መልእክተኛ ይልካሉ። የቺፕ አምራቹ የቲኤስኤምሲ መሥራች ሞሪስ ቻንግ ደጋግመው ተልከዋል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ቺፕ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የመጨረሻዎቹ አባላት ፔሩ፣ ሩሲያና ቬትናም ናቸው። የገቡት በ1998 ነው። ከዚያ ወዲህ በሩ ለአዲስ አባል አልተከፈተም። ሕንድ ለመግባት ለረጅም ጊዜ ፍላጎቷን ብትገልጽም እስካሁን ውጭ ናት።

ኤፔክ የወሰነው ነገር አባላቱን ያስገድዳል?

አያስገድድም። ውሳኔው የሚተላለፈው ሁሉም ሲስማሙ ነው። አፈጻጸሙ ደግሞ በፈቃድ። የእኛ ዕድር እንኳ ቀሪውን ይቀጣል። ኤፔክ ማንንም አይቀጣም፣ ማንንም አይከስም።

ስለዚህ አንዳንዴ ባዶ እጃቸውን ይበተናሉ። በ2018 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ፖርት ሞርስቢ ላይ አሜሪካና ቻይና አልስማማ ብለው፣ መሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋራ መግለጫ ሳያወጡ ተለያዩ።

ካላስገደደ ምን ይረባል?

በጣም የምጠየቀው ይህን ነው። መልሴ፦ ኤፔክ የሙከራ ማሳ ነው። እዚያ የበቀለው ሌላ ቦታ ሕግ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1996 መሪዎቹ ፊሊፒንስ ውስጥ ሱቢክ ላይ ተሰበሰቡ። በኮምፒውተር፣ በቴሌኮም መሣሪያና በቺፕ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ይነሣ የሚለውን ሐሳብ ደገፉ። ደጋፊዎቹ የነዚህ ዕቃዎች ትልልቆቹ አምራቾች ስለነበሩ ነገሩ ክብደት አገኘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ሲንጋፖር ላይ በዓለም ንግድ ድርጅት ስብሰባ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት ተፈረመ። ይኼኛው ያስገድዳል። በ2015 ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ላይ በተደረገ ስብሰባ 201 ተጨማሪ የዕቃ ዓይነቶች እንዲካተቱ ተስማሙ። አንድ ስልክ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች እስኪገጣጠሙ ድረስ ድንበር ደጋግመው ይሻገራሉ። በየድንበሩ ቀረጥ ቢከፈልባቸው ኖሮ መርካቶ ላይ የምንገዛው ስልክ ዋጋው ሌላ ይሆን ነበር።

ሌላም አለ። በ2012 ሩሲያ ውስጥ ቭላዲቮስቶክ ላይ 54 የአካባቢ ጥበቃ ዕቃዎችን ዘረዘሩ። የፀሐይ ፓኔልና የነፋስ ተርባይን የመሳሰሉትን። በነዚህ ላይ ያለው ቀረጥ እስከ 2015 መጨረሻ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ተስማሙ። የሚከሳቸው ባይኖርም አብዛኞቹ ቃላቸውን ጠበቁ።

ከቀረጡ ይበልጥ እኔ የማደንቀው ግን የወረቀቱን ሥራ ነው። “አንድ መስኮት” የሚባለውን አሠራር ሰምታችሁ ይሆናል። ነጋዴው ሰነዱን አንድ ቦታ ያስገባል፤ ጉምሩኩም፣ ጤና ተቆጣጣሪውም፣ ወደቡም ከዚያው ያያል። ሲንጋፖር ይህን በኮምፒውተር የጀመረችው በ1989 ነው። ኤፔክ ራሱ የተወለደበት ዓመት መሆኑ ነው። ሌሎቹ አባላት በየስብሰባው ባለሙያ እየላኩ ተማሩ። እኔ በወጣትነቴ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ክብደትና ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው በጥቂት ኪሎ ተለያየ ተብሎ አንድ ኮንቴይነር ሦስት ሳምንት ሲቆም አይቻለሁ። የባለቤቱን ፊት አልረሳውም። ደሙራጁ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ በመዘግየቱ የሚከፈለው ክፍያ፣ ትርፉን በላው። “ስለ ፎርም መነጋገር ምን ይረባል” ለሚለኝ ሰው ሁሌ ይህን ነው የምነግረው።

የቦጎር ግብ የሚባለው ተሳካ?

በከፊል። በ1994 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቦጎር ላይ መሪዎቹ ያደጉት አባላት እስከ 2010፣ በማደግ ላይ ያሉት እስከ 2020 ንግዳቸውን ነፃና ክፍት እንዲያደርጉ ግብ ጣሉ። ቀረጡ በጣም ወርዷል። እርሻ ግን በብዙ ቦታ እንደተዘጋ ነው፤ የአገልግሎት ንግዱም ገና ብዙ ይቀረዋል። በ2020 በማሌዥያ አስተናጋጅነት፣ በኮሮና ምክንያት በቪዲዮ ተገናኝተው እስከ 2040 የሚዘልቀውን የፑትራጃያ ራእይ አጸደቁ።

ኤፔክ፣ ሲፒቲፒፒ፣ አርሴፕ። እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ስማቸው ያምታታል፤ ቀስ ብለን እንለያቸው።

ኤፔክ መነጋገሪያ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የተፈረሙ፣ የሚያስገድዱ የንግድ ውሎች ናቸው።

ሲፒቲፒፒ (ሁሉን አቀፍና ተራማጅ የፓስፊክ ማዶ ለማዶ አጋርነት ስምምነት) የጀመረው ከአራት ትንንሽ አገሮች ነው። ብሩናይ፣ ቺሊ፣ ኒውዚላንድና ሲንጋፖር በ2005 የራሳቸውን ውል ተፈራረሙ። ሌሎች ተሳቡ። አሜሪካም ገባችና ነገሩ ገነነ። በየካቲት 2016 ኦክላንድ ላይ 12 አገሮች ፈረሙ። በጥር 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ አሜሪካን አስወጡ። ብዙዎች “አበቃለት” ብለው ነበር። ጃፓን ግን ቀሪዎቹን 11 አሰባስባ ያዘች። አሜሪካ ስትፈልጋቸው የነበሩ 22 አንቀጾችን ለጊዜው አንሥተው በመጋቢት 2018 ሳንቲያጎ ላይ እንደገና ፈረሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥራ ጀመረ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ብሪታንያ 12ኛ አባል ሆነች። ከፓስፊክ ርቃ ያለች አገር መሆኗን ልብ በሉ። ቻይናና ታይዋን በመስከረም 2021 በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው “አስገቡን” ብለዋል። ይህ ለአባላቱ ከባድ ራስ ምታት ነው።

አርሴፕ (የአካባቢው ሁሉን አቀፍ የኢኮኖሚ አጋርነት) ሌላ ነው። አሥር የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮችን ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከደቡብ ኮሪያ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ያገናኛል። 15 ናቸው። የተፈረመው በኅዳር 2020፣ ሥራ የጀመረው በጥር 2022 ነው። ሕንድ ለዓመታት ስትደራደር ቆይታ በ2019 ወጣች። ላኦስ ወደብ አልባ ናት፤ ኤፔክ ውስጥም የለችም። አርሴፕ ውስጥ ግን ሙሉ አባል ናት።

ሲፒቲፒፒ ጠልቆ ይገባል። ስለ ሠራተኛ መብት፣ ስለ መንግሥት ኩባንያዎች፣ ስለ ዳታ ዝውውር ሳይቀር ይደነግጋል። አርሴፕ እንደዚያ አይጠልቅም፤ ስፋቱ ግን የትየለሌ ነው።

“የስሪት አገር” ደንብ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው ነገሩ?

የነፃ ንግድ ውል ሁሉ ልብ ይህ ነው። ቀረጥ ዜሮ የሚሆነው አባል አገር ውስጥ ለተሠራ ዕቃ ብቻ ነው። ታዲያ ዛሬ የትኛው ዕቃ አንድ አገር ውስጥ ብቻ ተሠርቶ ያልቃል?

አንድ ሞተር እንውሰድ። ታይላንድ ውስጥ ተገጣጥሞ ወደ ደቡብ ኮሪያ ይላካል እንበል። ከዋጋው 25 በመቶው የታይላንድ ነው። 20 በመቶው ከጃፓን የመጣ ዕቃ ነው። የቀረው ከውጭ። ደንቡ ቢያንስ 40 በመቶ ከአባላት ይሁን ይላል። ታይላንድና ኮሪያ ለብቻቸው የሚዋዋሉ ቢሆን ኖሮ የጃፓኑ ስለማይቆጠር ሞተሩ ይወድቅ ነበር። በአርሴፕ ግን የጃፓኑም ይደመራል። 25 እና 20፣ 45። አለፈ።

ይህች መደመር ቀላል ትመስላለች። ፋብሪካ የት እንደሚተከል የምትወስነው ግን እሷ ናት። ጥብቅ ደንብም አለ። በሲፒቲፒፒ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ በአብዛኛው ክሩ ጭምር ከአባል አገር መሆን አለበት። ቬትናም ውስጥ በቻይና ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ በዚህ ውል አያልፍም። በአርሴፕ ግን ቻይናም አባል ስለሆነች ጃፓን ሲደርስ መንገድ አለው። ላኪው ሁለቱን ውሎች አስተያይቶ የሚበጀውን ይመርጣል።

ይህ ሁሉ ለገበሬ ምን ያደርጋል?

የቺሊን ቼሪ ታሪክ ልንገራችሁ። በጣም የምወደው ታሪክ ነው።

ቺሊ የምድር ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። እዚያ በጋ ሲሆን ቻይና ክረምት ነው። ቼሪው የሚደርሰው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ የቻይና አዲስ ዓመት ሲቃረብ ማለት ነው። ቻይናውያን ለበዓል ፍራፍሬ ይሰጣጣሉ። ቀይና ክብ ነገር ደግሞ የመልካም ዕድል ምልክት ነው። ቼሪ ሁለቱንም ነው።

በኅዳር 2005 የኤፔክ መሪዎች ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቡሳን ላይ ሲሰበሰቡ ቻይናና ቺሊ በዚያው አጋጣሚ የነፃ ንግድ ውል ፈረሙ። ቻይና ከላቲን አሜሪካ አገር ጋር ስትፈርም የመጀመሪያዋ ነበር። ቀረጡ በየዓመቱ እየቀነሰ ዜሮ ደረሰ። ግን ቀረጥ ብቻውን ፍሬ አያሻግርም። ቻይና የፍሬ ዝንብና ሌላ ተባይ እንዳይገባባት ትፈራለች። ስለዚህ እርሻዎቹና ማሸጊያ ቤቶቹ አንድ በአንድ በቻይና ጉምሩክ እንዲመዘገቡ ተስማሙ። ከዚያ የመርከብ ድርጅቶቹ መጡ። በየወደቡ ሳይቆሙ በቀጥታ የሚጓዙ ፈጣን መርከቦች መደቡ። ከሦስት ሳምንት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ፍሬው ሆንግ ኮንግ ወይም ደቡብ ቻይና ያለው የናንሻ ወደብ ይደርሳል። ዛሬ ከቺሊ የሚወጣው ቼሪ አብዛኛው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ማለት ይቻላል፣ ቻይና ነው የሚገባው።

አደጋውም እዚያው ነው። በጥር 2025 ከ1,300 በላይ ኮንቴይነር ቼሪ የጫነች መርከብ ፓስፊክ መሃል ሞተሯ ተበላሸ። የደረሰችው አዲስ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ፍሬው ተበላሽቷል። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ገበሬ ምን ያህል እንደሚጋለጥ ያኔ ታየ። ቺሊያውያን አሁን ሕንድንና ሌሎች የእስያ ገበያዎችን እየሞከሩ ነው።

ጎረቤቷ ፔሩም አልተኛችም። በኅዳር 2024፣ የኤፔክ መሪዎች ሊማ ሳሉ፣ የቻንካይ ወደብ ተመረቀ። 60 በመቶው የቻይናው የመርከብ ድርጅት ኮስኮ ነው። እስከ ሻንጋይ 23 ቀን ገደማ ይወስዳል። ወደቡ ለፔሩ ገበሬ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ወደቡን የያዘው የውጭ መንግሥት ኩባንያ መሆኑ የሚያሳስባቸው ፔሩያውያን ጥያቄም ግን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ቺፕ ለምን የፓስፊክ ጉዳይ ሆነ?

አንድ ዘመናዊ ቺፕ ብዙውን ጊዜ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይነደፋል። ታይዋን ውስጥ በቲኤስኤምሲ ይታተማል። ከጎኑ የሚቀመጠው ማስታወሻ ቺፕ ከደቡብ ኮሪያ ነው፣ ከሳምሰንግ ወይም ከኤስኬ ሃይኒክስ። ኬሚካሉ ከጃፓን ይመጣል። ፍተሻና ማሸጊያው ማሌዥያ ውስጥ ፔናንግ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቻይና ሄዶ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ይገጠማል። ከፓስፊክ ውጭ የሚመጣው በተለይ ዋናው የቺፕ ማተሚያ ማሽን ነው፣ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል የሚሠራው።

አንዱ ሰንሰለት ቢላላ ሁሉም ይንገጫገጫል። በሐምሌ 2019 ጃፓን ከደቡብ ኮሪያ ጋር በነበራት የቆየ የጦርነት ዘመን ቅሬታ ውጥረት መሃል ሦስት ኬሚካሎች ወደ ኮሪያ በሚላኩበት ላይ ቁጥጥሩን አጠበቀች። አንዱ ፎቶሬዚስት የሚባለው፣ ለብርሃን ስሱ የሆነ ፈሳሽ ነው። ያለ እሱ ቺፕ አይታተምም። የኮሪያ ኩባንያዎች ተደናገጡ። መንግሥታቸው በአገር ውስጥ ለማምረት ገንዘብ አፈሰሰ። ገደቡ የተነሣው በ2023 ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ ነው። በጥቅምት 2022 ደግሞ አሜሪካ የተራቀቁ ቺፖችና መሥሪያቸው ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ሰፊ ገደብ ጣለች።

ስለዚህ ፋብሪካዎቹ መበታተን ጀምረዋል። ቲኤስኤምሲ በየካቲት 2024 ጃፓን ውስጥ ኩማሞቶ ላይ ከፍቷል። አሪዞናም ውስጥ ገንብቷል። የታይዋን መልእክተኛ ሆነው ኤፔክ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ሞሪስ ቻንግ ናቸው፣ በቺፕ ዓለም ነፃ ንግድ ሞቷል ማለት ይቻላል ብለው በአደባባይ የተናገሩት። ዕድሜ ልካቸውን ይህን ሰንሰለት ከገነቡ ሰው ሲሰማ ያሳዝናል።

ዴፓ የሚባለው አዲሱ የዲጂታል ውል ምን ይሠራል?

በሰኔ 2020 ቺሊ፣ ኒውዚላንድና ሲንጋፖር የፈረሙት ነው። በኮሮና ምክንያት ፊርማው ራሱ በኤሌክትሮኒክ ሆነ። ደቡብ ኮሪያ በ2024 ተቀላቀለች። ቻይናም ጠይቃለች።

ዋና ጉዳዩ ቀረጥ አይደለም። ኢንቮይሴ በኢሜል ቢመጣ ያንተ ጉምሩክ ይቀበለዋል ወይ? አገሬ የሰጠኝን ዲጂታል መታወቂያ ያንተ ባንክ ያምነዋል ወይ? ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን የጋራ መርህ ይኑረን? እንዲህ ያለውን ነው የሚያነሣው። ለምሳሌ ሲንጋፖር፣ ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያና ጃፓን ፔፖል የሚባል አንድ የኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስ አሠራር ይጠቀማሉ። የአንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ኢንቮይስ ያለ ሰው ጸሐፊ ያነበዋል። ሦስት ሠራተኛ ላለው ትንሽ ድርጅት ይህ ከቀረጥ ቅናሽ ሊበልጥ ይችላል።

ትንንሾቹ የፓስፊክ ደሴቶችስ?

ከነሱ ኤፔክ ውስጥ ያለችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ብቻ ናት። የፓስፊክ ደሴቶች ፎረም በታዛቢነት ይገኛል።

ደሴቶቹ ግን ለብቻቸው የሠሩት አንድ ድንቅ ነገር አለ። የዓለም ቱና ዓሣ ትልቅ ክፍል የሚያዘው በነሱ ባሕር ነው። በፊት የሩቅ አገር መርከቦች ለእያንዳንዱ ደሴት ጥቂት ገንዘብ እየወረወሩ ያጠምዱ ነበር። አንዷ ስታስወድድ ወደ ሌላዋ ይሄዳሉ። ስምንቱ፣ እነ ኪሪባቲ፣ ቱቫሉ፣ ናኡሩ፣ ማርሻል ደሴቶች፣ ተባበሩ። የማጥመጃ ቀን መሸጥ ጀመሩ። በዓመት ስንት የማጥመጃ ቀን እንዳለ በጋራ ይወስናሉ። ለአንድ ቀን ቢያንስ 8,000 ዶላር የሚል መነሻ ዋጋ ቆረጡ። ገቢያቸው በብዙ እጥፍ አደገ። ለኪሪባቲ መንግሥት ዋናው የገቢ ምንጭ ይህ ነው። አቅመ ቢስ የሚመስሉ አገሮች በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ቴክኖሎጂው ላይ ግን ተጋላጭነታቸው ያስፈራል። በጥር 2022 ቶንጋ አጠገብ ባሕር ሥር ያለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አገሪቱን ከዓለም የሚያገናኘው አንድ ኬብል ተበጠሰ። እስኪጠገን አምስት ሳምንት ፈጀ። ኦክላንድና ሲድኒ ያሉ ቶንጋውያን ለቀናት የእናታቸውን ድምፅ መስማት አልቻሉም። ሁለተኛ ኬብል ቅንጦት አይደለም።

አሜሪካና ቻይና እንዲህ እየተፋጠጡ ትብብሩ ይቀጥላል?

ተጎድቷል፣ አልቆመም። ከ2018 ጀምሮ ሁለቱ ቀረጥ እየተጣጣሉ ነው። በ2025 አሜሪካ ቀረጡን በሁሉም ማለት ይቻላል የንግድ ሸሪኮቿ ላይ ዘረጋችው፤ ለኤፔክ ወዳጆቿም አልራራችም። ሌሎቹ ግን እርስ በርስ መዋዋላቸውን አላቆሙም። በ2025 መጨረሻ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ግዮንግጁ ላይ መሪዎቹ የጋራ መግለጫ አውጥተዋል። የ2026 አስተናጋጅ ቻይና ናት፣ ሸንዘን ላይ። እኔ እንደማየው ትልልቆቹ ሲጣሉ የመካከለኞቹ ሚና ይጨምራል፤ የሲንጋፖር፣ የኒውዚላንድ፣ የቬትናም፣ የቺሊ።

እኛ ኢትዮጵያውያንን ምን ያገባናል?

አባል አይደለንም፣ ልንሆንም አንችልም። ግን ቡናችን እዚያ ነው። ጃፓኖች የኛን ቡና “ሞካ” እያሉ በስሙ ለይተው ይጠጡታል። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለች። ሽያጩ ወዲያው ወደቀ። ለማገገም ዓመታት ወሰደ። ቀረጡ አልተለወጠም ነበር። የገደለን የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ለዚህ ነው ስለ ጥራት ደረጃና ስለ ፍተሻ የሚደረገው አሰልቺ ውይይት የኛም ነው የምለው።

ሌላው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። በ2018 ኪጋሊ ላይ ሲፈረም ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ በኋላ የልብስና የመኪና የስሪት አገር ደንብ ለዓመታት አከራከረ። ከላይ የሞተሩን ምሳሌ ያነበበ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ስለ ቀጠናው ሲወራ ባለሥልጣናቱን “የስሪት አገር ደንቡ ላይ ምን ተስማማችሁ?” ብላችሁ ጠይቁልኝ።

የኤፔክ የቢዝነስ ጉዞ ካርድ ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ተወላጅ ሊያወጣው ይችላል?

ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ካርድ ነው። በ1997 በአውስትራሊያ፣ በደቡብ ኮሪያና በፊሊፒንስ ሙከራ ተጀመረ። ሙሉ ተሳታፊ የሆኑት 19 አባላት ያለ ቪዛ ለአጭር የንግድ ጉብኝት ያስገባሉ፤ ቅድመ ፈቃዱ ካርዱ ላይ ስለሚሰፍር በየኤምባሲው መመላለስ የለም። አየር ማረፊያም ላይ የተለየ መስመር አለው።

የሚሰጠው በመሠረቱ ለአባል አገር ዜጋ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ይዞ በአብዛኛው ማውጣት አይቻልም። የአውስትራሊያ ወይም የኒውዚላንድ ዜግነት ያላችሁ ነጋዴዎች ግን ሙሉ ጥቅሙን ታገኛላችሁ። የአሜሪካና የካናዳ ዜጎች ሁኔታ ይለያል። ሁለቱ አገሮች ሙሉ ተሳታፊ ስላልሆኑ ካርዱ ፈጣኑን መስመር እንጂ የቪዛ ነፃነትን አይሰጥም። አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ እንደ ግሎባል ኢንትሪ ያለ የታመነ ተጓዥ ፕሮግራም አባል መሆን አለባችሁ። ቡና ሊሸጡ ወይም ዕቃ ሊገዙ ቶኪዮ፣ ሴኡልና ጓንዡ የሚመላለሱ ካሉ ማመልከቻው የሚያስወጣውን ገንዘብ ከጉዟችሁ ብዛት ጋር አስሉት። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ሰው አያዋጣም።